ከነዳጅ ማጣሪያው ጋር የተስማሙት ተሸጡ ወይ? መምህር፣ ያንን ቃለ ጉባኤ አትፈርም

ጥያቄው፦ «ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ መምህር ነኝ። አሜሪካ አንድ የነዳጅ ማጣሪያ እንዳይስፋፋ ለዓመታት ሲከራከሩ የነበሩ የአካባቢ ተቆርቋሪ ድርጅቶች በስተመጨረሻ ከኩባንያው ጋር ተስማምተው ክሱን አቆሙ፣ ማጣሪያውም ተስፋፋ የሚል ነገር አነበብኩ። እውነቱን ለመናገር የተሸጡ ነው የመሰለኝ። የምጠይቅዎ ግን ለወሬ አይደለም። ከተማችን ዳር ያለ ፋብሪካ ሊስፋፋ ነው። ፍሳሹ ጅረታችን ውስጥ ይገባል። ከብቱ ከዚያ ይጠጣል፤ ታች ደግሞ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ አሉ። አሁን ሽማግሌ ገብቶ ፋብሪካው ሁለት መማሪያ ክፍልና አንድ የውኃ ጉድጓድ ሊሠራልን፣ እኛም ቅሬታችንን ልንተው ቃለ ጉባኤ ተዘጋጅቷል። የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆንኩ ፈርም ተብያለሁ። ልፈርም ወይስ እኔም እንደነዚያ ተሸጠ ልባል?»

አትፈርም። መስማማት መሸጥ ስለሆነ አይደለም። የቀረበላችሁ ወረቀት ፍሳሹን የሚነካ አንድ ቃል ስለሌለበት ነው። ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል፤ አንዱ የማጣሪያዎቹ ጉዳይ፣ ሌላው የእናንተ ጅረት። መጀመሪያ የውጪውን ላስረዳህ፤ ምክንያቱም እዚያ ምን እንደተደረገ በደንብ ከገባህ የራሳችሁን ወረቀት ራስህ ትመዝነዋለህ። (የአሜሪካውን ዓመተ ምሕረት በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክሱ «ማጣሪያው ይዘጋ» የሚል ስለሚመስለው ነው። አልነበረም። ኢንዲያና ክፍለ ግዛት ዋይቲንግ ከተማ ያለው፣ ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ማጣሪያ የተቋቋመው በ1889 ነው፤ ከዓድዋ ድል በፊት መሆኑ ነው። ካሊፎርኒያ ሪችመንድ ያለው የሼቭሮን ማጣሪያም ከ1902 ጀምሮ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከተማው ራሱ ዙሪያውን ነው የተገነባው። ተከሳሹ ማጣሪያው ሳይሆን ማስፋፊያው፣ በተለይም የማስፋፊያው ፈቃድ ነው። ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ማጣሪያው ይዘጋ ሳይል የተነሳ ሰው «አልተዘጋምና ተሸንፈዋል» ሊባል አይችልም።

ማስፋፊያ ላይ ለምን ይረባረባሉ ካልከኝ፣ ኩባንያው በሩን አንኳክቶ ፈቃድ የሚለምንበት ጊዜ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ነባሩ ማጣሪያ ፈቃዱ በእጁ ነው፤ ማንንም አይለምንም። ሊስፋፋ ሲል ግን አዲስ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ባንኩ ብር ሊለቅ እየጠበቀ ነው፤ ተቋራጩ ክሬኑን አቁሞ ይጠብቃል፤ እያንዳንዱ የዘገየ ወር ገንዘብ ይበላል። በዚያ ሰዓት «ልቀትህን በትክክል አልቆጠርክም» ብሎ የሚሟገት ሰው ጉልበት አለው። ፈቃዱ ከወጣና ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ያ ጉልበት በአንድ ሌሊት ይጠፋል። መምህር፣ ይህችን ነገር ያዝልኝ፤ እናንተም አሁን ያላችሁት እዚያው ሰዓት ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። ማስፋፋት ሲባል ብዙ ጊዜ «ብዙ በርሜል» ማለት ብቻ አይደለም፤ የሚገባው ድፍድፍ ዘይት ራሱ ይቀየራል። ዋይቲንግ ላይ የተፈለገው ከካናዳ የሚመጣውን ወፍራምና ሰልፈር የበዛበት ድፍድፍ ማጣራት ነበር። እሱን ለማቅለል ብዙ ሙቀት፣ ብዙ ሃይድሮጅን ያስፈልጋል። ተረፈ ምርቱ እንደ ከሰል ያለ ጥቁር ነገር ነው፤ አቧራው ይቦናል። ትርፍ ጋዝ ሲኖር ደግሞ ረጅም የእሳት ማማ ላይ ይቃጠላል፤ ሌሊት ላይ ሰማዩ ቀልቶ የምታየው እሱ ነው። ክርክሩ ሁሉ እነዚህ ማማዎችና ሌሎቹ አዳዲስ ክፍሎች የሚለቁት ጭስ ፈቃዱ ላይ ስንት ተብሎ ተቆጠረ የሚል ነው። አሳንሰህ ከቆጠርክ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚያስከትለው ጣሪያ በታች ትሆናለህ፤ በትክክል ከቆጠርክ ግን ያለውን ምርጥ መከላከያ መሣሪያ የመግጠም ግዴታ ይመጣብሃል። ጠቡ የሂሳብ ጠብ ነው ማለት ነው። መፈክር ብቻ ይዞ የወጣ አይረታም፤ ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል።

የዋይቲንጉን ላጫውትህ፣ ምክንያቱም በጣም የሚያስተምረው እሱ ነው። ክፍለ ግዛቱ ፈቃዱን በ2008 ሰጠ። የአካባቢ ድርጅቶችና ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ በ2009 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ፈቃዱ ላይ ተቃውሞ አነሳ። በ2012 ኩባንያው፣ የፌዴራል መንግሥቱ፣ ኢንዲያናና ድርጅቶቹ ያሉበት ስምምነት ለፍርድ ቤት ቀረበ። ኩባንያው 8 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፈለ። ዋናው ግን ቅጣቱ አይደለም፤ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለብክለት መከላከያ እንዲያወጣ መገደዱ ነው። ሌላ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል እዚያው ማጣሪያው ውስጥ የሙቀት አማቂ ጋዝ መቀነሻ ላይ እንዲያውል፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ አጥሩ ላይ የአየር መለኪያ ተክሎ ውጤቱን ለሕዝብ ክፍት በሆነ ድረ ገጽ እንዲያወጣ ታዘዘ። ማስፋፊያው ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ነበርና ከዚያ አንፃር 8 ሚሊዮን ቅጣት ምንም ነው። አጥሩ ላይ ያለው መለኪያ ግን ምንም አይደለም። ትናንት ማታ ምን እንደሸተታቸው የጎረቤት እናቶች በቁጥር ሊያዩት ይችላሉ ማለት ነው።

«ተሸጡ» ያልከው ላይ ልመለስ። ቅጣቱ የገባው መንግሥት ካዝና ነው። አሜሪካ ውስጥ በንጹሕ አየር ሕጋቸው አንድ ዜጋ ወይም ድርጅት በካይን ከሶ ቢረታ ቅጣቱን ኪሱ አያስገባም። ጠበቃው የደከመበትንና የባለሙያ ወጪውን ግን ተከሳሹ እንዲከፍል ፍርድ ቤቱ ሊወስን ይችላል። ይሄን የሰማ ሰው «ገንዘብ ተቀበሉ» ይላል። የጠበቃ ወጪ መተካትና ጉቦ የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱ በግልጽ ተጽፎ፣ ዳኛ አይቶት፣ ማንም ሊያነበው መቻሉ ላይ ነው። ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር የሚደረግ እንዲህ ያለ ስምምነት ዳኛው ከማጽደቁ በፊት ቢያንስ ለ30 ቀን ለሕዝብ አስተያየት ይወጣል። ድብቅ የሆነ፣ ተራው ሰው የማያነበው ስምምነት ካየህ ግን ያኔ ጠርጥር፤ አሜሪካም ይሁን ደጀን።

ሁሉም ይስማማል ማለትም አይደለም። የሪችመንዱን ተመልከት። የከተማው ምክር ቤት የሼቭሮንን ማስፋፊያ በ2008 አጸደቀ። ሦስት ማኅበረሰባዊ ድርጅቶች ከሰሱ። በ2009 ዳኛዋ የአካባቢ ተጽዕኖ ሰነዱ ጎደሎ ነው ብለው ሥራውን አስቆሙ፤ በ2010 ይግባኝ ሰሚው አጸናው። ፍርድ ቤቱ ያነሳው ነጥብ ቀላል ነው፤ ሰነዱ ማጣሪያው ከዚህ በኋላ የከበደ ድፍድፍ ማጣራት ይችል እንደሆነ በግልጽ አይናገርም፣ ሙቀት አማቂ ጋዙን እንዴት እንደሚቀንሱም «ፈቃዱ ከወጣ በኋላ እናጠናለን» ብሎ አሳልፎታል። «በኋላ እናጠናለን» የሚለውን አስተውለህ ያዘው፤ እኛ አገር ሰነዶች ውስጥም በብዛት አለ።

እና ከሳሾቹ ረቱ። ግን ድል ዋጋ አለው። ግንባታው ሲቆም ግንበኛው፣ በያጁ ሥራ ፈታ፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ ተቆርቋሪዎቹን ነው የረገሙት። አሮጌው መሣሪያም እንዳለ ሥራውን ቀጠለ። ነሐሴ 2012 ላይ እዚያው ማጣሪያ ውስጥ የዛገ ቱቦ ፈንድቶ እሳት ተነሳ፤ ጭሱ ያመማቸው ወደ 15,000 ሰዎች ሕክምና ፍለጋ ሄዱ። ቱቦው የማስፋፊያው ጉዳይ አልነበረም፤ ሰልፈር ለዓመታት ሲበላው የኖረ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፤ ማስፋፊያ ማስቆም ብቻውን የጎረቤቱን ደኅንነት አያረጋግጥም። በ2014 አነስ ያለ የማሻሻያ ዕቅድ እንደገና ቀረበና ጸደቀ፤ አብሮም 90 ሚሊዮን ዶላር በአሥር ዓመት ለከተማው የሚከፈልበት ውል ተፈረመ። ከዚያ ውስጥ 35 ሚሊዮኑ ለከተማው ልጆች የኮሌጅ ድጎማ ነው። ያኔም ታዲያ «ገንዘቡ አፋችንን ይዘጋል» ያሉ ነበሩ። የፈሩት ነገር የሚናቅ አይደለም። ልጅህ በኩባንያው ገንዘብ ኮሌጅ እየተማረ በጭሱ ላይ ቅሬታ ልታቀርብ ስትነሳ አንደበትህ ይከብዳል፤ ይሄ ሰው መሆን ነው።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። ካሊፎርኒያ ሮዴዮ ያለው የኮኖኮፊሊፕስ ማጣሪያ ሊስፋፋ ሲል የክፍለ ግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ጄሪ ብራውን ተቃወሙ። በ2007 ኩባንያው ለማካካሻ 10 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማሙ። እዚህ ላይ የተስማማው መንግሥት እንጂ የአካባቢ ድርጅት አይደለም፤ አምታተው የሚጽፉ ስላሉ ነው። ከገንዘቡ አብዛኛው ለካርቦን ማካካሻ ፈንድ ሄደ፤ ጥቂቱ ለደን፣ ትንሹ ለረግረግ መሬት። ለዓለም የአየር ንብረት ያ ጥሩ ነው። ማጣሪያው አጥር ሥር ለሚኖረው አስም ላለበት ሕፃን ግን ሌላ ቦታ የተተከለ ዛፍ ምን ያደርግለታል? ሙቀት አማቂ ጋዝ የትም ብትቀንሰው ያው ነው። የሚያሳክክ፣ የሚያሳልና የሚመርዝ ነገር ግን በወጣበት ቦታ ነው መያዝ ያለበት። ሁለቱን ማደባለቅ በዚህ መስክ ዋነኛው ስህተት ነው። መማሪያ ክፍል በፍሳሽ ምትክ መቀበልም የዚሁ ወንድም ነው።

ደግሞ ስምምነት ቢፈረምም ነገሩ አያልቅም። ዋይቲንግ ያን ሁሉ ከተስማማ ከዓመታት በኋላ፣ በ2023፣ ቤንዝን በተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል ምክንያት እንደገና ተከሶ 40 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍል ተስማማ። ኩባንያ በአንድ ፊርማ አይመለስም። ለዚህ ነው ጥሩ ስምምነት ውስጥ «ይህን ቀን ካለፍክ ይህን ያህል፣ ይህን መጠን ካለፍክ ይህን ያህል» ተብሎ ቅጣቱ አስቀድሞ ተተምኖ የሚቀመጠው። ኩባንያው ሲያጠፋ እንደገና ክስ መጀመር አይጠበቅም።

እንግዲህ ወደ ጎጃም እንምጣ። ነዳጅ ማጣሪያ ድሮ አሰብ ነበረን፤ በፈረንጆቹ 1997 ተዘጋ። አሁን ደግሞ በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ ሊገነባ መሠረት ተጥሏል፤ ስለዚህ ይሄ ወሬ ለሌላው ወገናችን ሩቅ አይሆንም። የእናንተ ፋብሪካ ግን ድፍድፍ አያጣራም፤ ጠባችሁም በጭስ ሳይሆን በፍሳሽ ነው። ስሌቱ ግን አንድ ነው፤ ፈቃድ ፈላጊው እሱ ነው፣ ሰዓቱም አሁን ነው።

ስለ ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ። እባክህ እነሱን አታንኳስስ። ጎጃም ውስጥ ደም ያደረቀ፣ ወሰን የተጋፋ ወንድማማች ያስታረቀ ሽምግልና ነው። እዚህ ላይ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ሽምግልና የሚያስታርቀው ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወገኖችን ነው። ጅረት ግን ይወርዳል። ታች ሽንኩርት የሚያጠጣው ሰውዬ፣ ከእሱም በታች በሌላ ቀበሌ ውኃ የምትቀዳው ሴትዮ ሸንጎው ላይ የሉም። እነሱ ባልተጠሩበት «ቅሬታችንን ትተናል» ማለት በሌላ ሰው ከብት መደራደር ነው። ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ቃል ያስራል እንጂ ፍሳሽ አይለካም። ይማሉ፤ ይመራረቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ቱቦው ምን እንደሚለቅ ማን ያውቃል?

አሁን ሕጉን። ከሁሉ በፊት እንድታውቁት የምፈልገው፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው አካባቢን ጎዳ ወይም ሊጎዳ ነው በሚለው ላይ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። «አንተ ምን አገባህ፣ መሬትህ እዚያ የለም» ብሎ የሚመልስህ ኃላፊ ካለ ሕጉን አላነበበውም፤ የግል ጥቅም ማሳየት አይጠበቅብህም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካልተዋጠልህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 ደግሞ «ፕሮጀክት» ሲል አዲስ ሥራን ብቻ ሳይሆን ትልቅ ማስፋፊያንም ይጨምራል። ስለዚህ «ፋብሪካው ድሮ ፈቃድ አለው» የሚለው መልስ አይበቃም። የማስፋፊያው ግምገማ ሰነድ የት አለ በሉ። ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፤ አስተያየት የመስጠት መብት አላችሁ። ከዚህ በላይ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ የንጹሕ አካባቢ መብትን፣ አንቀጽ 92 ላይ ደግሞ በሚነካችሁ ፕሮጀክት ላይ መመካከርን አስቀምጧል። አዋጆች እየተሻሻሉ ስለሆነ ቢሮ ስትሄዱ የቅርቡን ማሻሻያ ጠይቁ።

በወረቀት ያለው ሁሉ ፍርድ ቤት ላይ ቀላል ነው ብዬ ግን አላታልልህም። በአገራችን በአካባቢ ጉዳይ የሚከፈት ክስ ጥቂት ነው፤ የተሞከሩትም በሥነ ሥርዓት ነጥብ ሲወድቁ ታይቷል። ዳኛው ፊት ማስረጃ ይዞ የሚቀርብ ባለሙያ ብርቅ ነው። ስለዚህ በጥሩ ውል መስማማት ለእናንተ መጥፎ መንገድ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ የተሻለው ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ግን የዛሬው አይደለም።

የዛሬው ወረቀት አደጋ ምን እንደሆነ ልንገርህ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 በስምምነት የተቋጨ ክርክር በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል ይላል። መብታችንን ተሳስተን ነው የፈረምነው ብሎ በኋላ መሟገትም አይሠራም። ሁለት መማሪያ ክፍል ተቀብላችሁ «ቅሬታችንን ትተናል» ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ የፋብሪካው ጠበቃ ያንን ቃለ ጉባኤ ከዓመታት በኋላ መዝገብ ውስጥ አድርጎ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ስሙ ያለበት ሰው ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ አንተ ነህ።

መሬት ለእኩል ስንሰጥ «ጥሩ ጥሩውን ትሰጠኛለህ» ብለን አንዋዋልም። ዘሩ የማን፣ በሬው የማን፣ አውድማ ላይ ስንት በስንት እንደሚካፈል ቁርጥ አድርገን ነው። ፋብሪካው ላይ ሲሆን ግን «አካባቢውን ለመጠበቅ ጥረት ያደርጋል» በሚል ዓረፍተ ነገር እንረካለን። «ጥረት ያደርጋል» ተብሎ የተጻፈ ነገር ማንም አያስፈጽመውም።

ቁርጥ ያለ ነገር የሚመጣው ከልኬት ነው። ከመፈረም በፊት ጅረቱ ዛሬ ምን እንደሚመስል መታወቅ አለበት፤ መነሻ ከሌለህ ነገ «ድሮም እንዲሁ ነበር» ትባላለህ። ናሙና ከሦስት ቦታ ይቀዳ፤ ከፋብሪካው በላይ፣ ከቱቦው አፍ፣ ከታች መስኖው ከሚጠለፍበት። ጠርሙሱ ንጹሕ ይሁን፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ይጻፍበት፤ በበረዶ ሳጥን ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። የወረዳው የአካባቢ ባለሙያ ሲቀዳ ቆሞ ይፈርም፤ አለዚያ «ከየት አመጣችሁት» ይመጣል። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎችን ጠይቁ፤ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ እንዲህ ያለ ጉዳይ ፍለጋ ይዞራል። ቢያንስ የአሲድነቱ መጠን (ፒኤች) ይለካ፤ ከ6 እስከ 9 መካከል መሆን ይጠበቅበታል። የፍሳሹ ቆሻሻ ሲበሰብስ ከውኃው የሚበላው ኦክስጅን ይለካ፤ ይሄኛው ላቦራቶሪ ውስጥ አምስት ቀን ይፈጃል፣ አትቸኩሉ። ሌላው እንደ ፋብሪካው ሥራ ነው፤ ምን ኬሚካል እንደሚገዛ ካወቃችሁ ምን እንደሚለካ ባለሙያው ይነግራችኋል።

ሁለት ተንኮል አለ፤ ተጠንቀቁ። አንደኛው ወቅቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጮቄ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉን ያጥባል፤ ያኔ ናሙና ብትቀዱ መርዝ ቢለቀቅ እንኳ ቀጥኖ «ንጹሕ» ይወጣል። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ ላይ ጅረቱ ሲያንስ ነው እውነቱ የሚታየው። ከብቱም፣ ሽንኩርቱም በጅረቱ ላይ የሚንጠለጠለው ያኔ ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ተቆጣጣሪ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በመኪና ሲመጣ የሚለቀቀውና ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚለቀቀው አንድ ላይሆን ይችላል። ጅረቱ ዳር ያደገ እረኛ ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚሸት ከማንም በላይ ያውቃል፤ እሱን ጠይቁትና ሳይነገር የሚደረግ ናሙና ውሉ ውስጥ ይግባ።

ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ውል የፍሳሽ ማጣሪያው ሳይሠራ ማስፋፊያው ሥራ እንዳይጀምር ይበል። «ማስፋፊያው ትርፍ ሲያመጣ ማጣሪያ እንተክላለን» የሚል ከመጣ አትቀበሉ፤ የሪችመንዱ «በኋላ እናጠናለን» ማለት ይሄው ነው። የፍሳሹ ጣሪያ በቁጥር ይቀመጥ። ውጤቱ በየሩብ ዓመቱ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ይለጠፍ። ጣሪያው ከታለፈ ቅጣቱ ስንት እንደሆነና ለማን እንደሚገባ ይጻፍ፤ ለኮሚቴው ኪስ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ከብቱ ለሞተበት፣ ሰብሉ ለተቃጠለበት ሰው ይሁን። ፋብሪካው ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት እንዲገደድ ይጻፍ። እና ከሁሉ በላይ ወደፊት በሚደርስ ጉዳት ላይ አቤት የማለት መብታችሁን አትተው። ያለፈውን ካሳ ተቀብሎ መተው ይቻላል፤ ያልመጣውን ግን መተው የለም። ክስ ተከፍቶ ከሆነ ስምምነቱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 ጀምሮ ባለው መሠረት ፍርድ ቤት ይመዝገብ፤ ያኔ ያልፈጸመውን በአፈጻጸም መዝገብ ማስገደድ ይቻላል።

መማሪያ ክፍሉንስ? ተቀበሉት፤ ግን በሌላ ወረቀት፣ በሌላ ቀን። «ለትምህርት ቤቱ ስጦታ» ተብሎ ይፈረም፣ ምንም ነገር በምትኩ አይጠየቅ። ጉድጓዱ ላይ ግን ረጋ በሉ። ፋብሪካው ጉድጓድ ላውጣላችሁ ሲል ከጅረቱ አትጠጡ እያለም ሊሆን ይችላል። ሰው ከጉድጓዱ ይጠጣል፤ ላሟ ግን ቧንቧ አትከፍትም። ጉድጓዱ ከተቆፈረም ከጅረቱ ራቅ ብሎ፣ ውኃው ተመርምሮ፣ የፓምፑ ኤሌክትሪክና ጥገና የማን እንደሆነ ታውቆ ይሁን። መለዋወጫ አጥቶ የቆመ ፓምፕ ስንት አይተናል።

ለወጣቶቹም መልእክት አለኝ፤ መንገድ መዝጋትና ድንጋይ መወርወር ይህን ጉዳይ ይገድለዋል። በማግስቱ ወሬው ስለ ፍሳሹ መሆኑ ይቀርና ስለ ጸጥታ ይሆናል። ፋብሪካው ውስጥ የሚሠሩትንም ጠላት አታድርጓቸው፤ ቱቦው የት እንደተቀበረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ የሚጠጡትም ያንኑ ውኃ ነው። የሚፈሩት እንጀራቸውን ነው፤ ፋብሪካው ይዘጋ እንዳላላችሁ ከእናንተ ይስሙ።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት «አባቶቼ፣ እርቁን አልጠላሁም፤ ውኃው ይለካና ታች ያሉት ሰዎች ይጠሩ፣ ከዚያ እፈርማለሁ» በላቸው። በዚህ ሳምንት ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባጭሩ ጻፉ፤ የማስፋፊያው ግምገማ ሰነድ እንዲሰጣችሁና ሰነዱ ሳይታይ ፈቃድ እንዳይሰጥ ጠይቁ፣ አንቀጽ 11ን ጥቀሱ። ከአንተ ጋር ሁለት የሽንኩርት ገበሬ፣ አንድ ከታችኛው ቀበሌ ይፈርሙበት። ደብዳቤውን ሁለት ኮፒ አድርጋችሁ ውሰዱና የእናንተው ኮፒ ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ማኅተም አስመቱ። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነውና «ነገ ተመለሱ» ቢሏችሁም ማኅተሙ ሳያርፍ ከመስኮቱ እንዳትነሱ።